«አልትራሳውንዱ ንጹህ ነው ብሎኛል፤ ጠብታው ግን አልቆመም»

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። 33 ዓመቴ ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ሁለተኛዋን የወለድኳት በኦፕራሲዮን ነው፤ ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው። ዲፖ እወጋ ነበር፤ ካቆምኩ ከዓመት በላይ ሆኖኛል፤ አሁን የምንጠቀመው ኮንዶም ነው። ከጥር ወዲህ ደም እያስቸገረኝ ነው። የካቲት 4 ፔሬዴ መጣ፤ በ5 ቀኑ አለቀ ስል ቡናማ ነገር እስከ 13 ድረስ ቆየ። መጋቢት ላይ ጭራሽ ሁለቴ መጣብኝ፤ በ2 እና በ30። በመሃል፣ በ16፣ አንድ ቀን ሮዝ ጠብታ አየሁ። ከባለቤቴ ጋር ከተገናኘን በኋላም ሁለት ጊዜ ቀይ ደም ታይቶኛል። ሥራዬ አዲስ አበባ፣ ሜክሲኮ አካባቢ ስለሆነ እዚያው አንድ ክሊኒክ ገብቼ አልትራሳውንድ ተነሳሁ፤ ‹ማህፀንሽ ንጹህ ነው› አሉኝ። መድኃኒት ቤት ደግሞ ‹ኢንፌክሽን ነው› ብለው የ7 ቀን አንቲባዮቲክ ሰጡኝ፤ ጨርሼው ለውጥ የለውም። ከዐቢይ ጾም መግቢያ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አልገባሁም። ካንሰር ይሆን? ባለቤቴስ መታከም አለበት ወይ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ዋናውን ልንገርሽ። በዚህ ሳምንት ውስጥ የማህፀን በርሽ በዓይን መታየት አለበት። ሆድሽ ላይ የተነሳሽው አልትራሳውንድ ይህን ምርመራ አይተካም። ካንሰር ነው እያልኩሽ አይደለም። በአንቺ ዕድሜ ከግንኙነት በኋላ ለሚታይ ደም ካንሰር ያልሆኑ ምክንያቶች በጣም ይበዛሉ። ሆኖም አንቺ ከእነዚያ አንዷ መሆንሽን በርቀት ሆኜ ልነግርሽ አልችልም፤ አልትራሳውንድ ያነሳሽም ሰው ሊነግርሽ አይችልም። ማወቅ የሚቻለው በማየት ብቻ ነው።

ቀኖቹን ጽፈሽ መላክሽ በጣም ጠቅሞኛል። አንድ ችግር ብለሽ የጻፍሽው ሳየው አራት የተለያየ ነገር ነው። አንዱ ጨርሶ ችግር አይደለም፤ አንዱ ምንም የማያስከትል ይመስላል፤ ሁለቱ መመርመር አለባቸው። በየተራ ልሂድባቸው።

«በመጋቢት ሁለቴ መጣብኝ» ያልሽው ችግር አይደለም። ዑደት የሚቆጠረው ደም ከጀመረበት ቀን እስከ ቀጣዩ ደም መጀመሪያ ቀን ነው። ለአዋቂ ሴት ከ24 እስከ 38 ቀን ያለው ሁሉ ጤናማ ነው፤ ደሙም እስከ 8 ቀን ቢቆይ በጤናማው ውስጥ ነው። የእኛ ወር ደግሞ ከጳጉሜ በቀር ሁልጊዜ 30 ቀን ነው። ስለዚህ በ28 ቀን የሚመጣባት ሴት ወር በገባ ቁጥር ሁለት ሁለት ቀን እየቀደመ ይመጣባታል፤ ወሩ በገባ በ1 ወይም በ2 ሲሆንባት ደግሞ በዚያው ወር መጨረሻ ይደገማል። እስቲ የአንቺን ቁጠሪው፦ ከየካቲት 4 እስከ መጋቢት 2 ድረስ 28 ቀን ነው፤ ከመጋቢት 2 እስከ መጋቢት 30 ድረስም 28 ቀን። ከዚህ የበለጠ የተስተካከለ ዑደት የለም። ቀጣዩን ሚያዝያ 28 አካባቢ ጠብቂው። ጳጉሜ ስትመጣ ብዙዎች እንደገና ይደነግጣሉ፤ ነሐሴ 20 የጀመረ ደም በ28 ቀኑ የሚመለሰው መስከረም 13 ነው፣ ጳጉሜ 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ መስከረም 12። ቀን ቆጥራ የማታውቅ ሴት «በወር ሁለቴ ይመጣብኛል» ብላ ስትመጣ፣ ሳይቆጠርላት ደም ማቆሚያ ተጽፎላት የምትሄድበት አጋጣሚ አለ። ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም እስክሪብቶና ወረቀት ይበቃ ነበር።

የመጋቢት 16ቷ ሮዝ ጠብታ ደግሞ ብዙም አታሳስበኝም። እንቁላል የሚወጣው ቀጣዩ የወር አበባ ከመምጣቱ 14 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ነው። ከመጋቢት 30 ወደ ኋላ 14 ቀን ስትቆጥሪ 16 ላይ ትደርሻለሽ። በዚያ ሰሞን ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ለአጭር ጊዜ ዝቅ ይልና የማህፀን ውስጠኛው ሽፋን ትንሽ ይደማል፤ አንዳንድ ሴት ላይ ይህ በዓይን ይታያል። ሞዴስ የማያስፈልገው፣ በ1 ወይም በ2 ቀን የሚያልቅ ነው፤ አብሮት የሚለጠጥ ንጹህ ፈሳሽ ወይም በአንድ ጎን ቀለል ያለ የሆድ ቁርጠት ሊኖር ይችላል። በሚቀጥሉት ወራት እዚያው መሃል ላይ ከተደጋገመ ይኸው ነው ማለት ነው። ቦታው እየተለዋወጠ ከመጣ ግን ሌላ ምክንያት እንፈልግለታለን።

እነዚህ ሁለቱ አንድ ተጨማሪ ነገር ይነግሩኛል። ዑደትሽ እንዲህ እኩል እየሄደ፣ በመሃሉም የእንቁላል መውጣት ምልክት እያሳየ ከሆነ፣ ሆርሞንሽ ሥራውን እየሠራ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ገና ከመነሻው ውድ የሆርሞን ምርመራ በሙሉ ቢያዝልሽ፣ የማህፀን በርሽ ከታየ በኋላ እንዲሆን ጠይቂው። የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ)፣ የፕሮላክቲን (የጡት ወተት ሆርሞን)፣ የኦቫሪ (የእንቁላል ማፍሪያ) ችግሮች ደምን የሚያዛቡት በአብዛኛው ዑደቱን ራሱን በማዛባት ነው፤ ሁለት ወር ይጠፋል፣ ከዚያ ሦስት ሳምንት ይፈሳል። የአንቺ እንደዚያ አይደለም።

አሁን ወደ ቡናማው ልምጣ። ቡናማ የሚሆነው ደሙ የቆየ ስለሆነ ነው፤ ከመውጣቱ በፊት የሆነ ቦታ ተቀምጧል። የወር አበባ መጨረሻ ላይ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ቡናማ ማየት የተለመደ ነው። አንቺ ግን ደሙ ካለቀ በኋላ 5 ቀን ሙሉ ቆይቶብሻል፤ ከዚያም ላይ በኦፕራሲዮን ወልደሻል። ይህን ሳነብ መጀመሪያ የመጣብኝ የኦፕራሲዮኑ ጠባሳ ነው። ማህፀን ተቀዶ ሲሰፋ አንዳንዴ ጠባሳው ከውስጥ በኩል ሙሉ በሙሉ እኩል ሆኖ አይድንም፤ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ቦታ ይቀራል። የወር አበባው ደም ሲወርድ ከዝናብ በኋላ በኮብልስቶን መሃል እንደሚቀር ውሃ የተወሰነው እዚያ ይጠራቀማል፤ ዋናው ደም ካቆመ በኋላ በቀናት ውስጥ ቀስ እያለ፣ ጠቁሮ ይወጣል። በኦፕራሲዮን የሚወልዱ እናቶች በከተማችን ስለበዙ ይህን በየጊዜው እናያለን፤ ብዙዎቹ ግን ከኦፕራሲዮኑ ጋር ግንኙነት ይኖረዋል ብለው ስለማያስቡ ለሐኪሙ አይነግሩትም። አንቺ መጥቀስሽ ጥሩ ነው።

የጠባሳ ጉድጓድ ካንሰር አይደለም፤ ወደ ካንሰርም አይቀየርም። ሕክምናው የሚወሰነው በሁለት ነገር ነው፦ ምን ያህል ያስቸግርሻል? ሌላ ልጅስ ትፈልጊያለሽ? የማያስቸግራት ሴት ምንም ሕክምና ላያስፈልጋት ይችላል። ለጊዜው መውለድ ለማትፈልግ እናት የወሊድ መከላከያ እንክብል ወይም ሆርሞን ያለው ሉፕ ደሙን ራሱን ስለሚቀንሰው ጠብታውም ይቀንሳል። መጨመር ለምትፈልግ፣ ጉድጓዱም ጥልቅ ለሆነባት ደግሞ በቀዶ ሕክምና ማስተካከል ይታሰባል። እንዳለብሽ ከተረጋገጠ አንድ ነገር ያዢ፦ ወደፊት ካረገዝሽ ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አልትራሳውንድ መነሳት ይኖርብሻል። አልፎ አልፎ እርግዝናው ጠባሳው ላይ ሊቀመጥ ይችላልና ያ ቀድሞ መታወቅ አለበት።

ቡናማው ከጠባሳ ብቻ አይመጣም። በማህፀን ውስጥ የሚበቅል ፖሊፕ የሚባል ትንሽ ሥጋ፣ ወደ ውስጠኛው ሽፋን የገባ ማዮማ የሚባል ካንሰር ያልሆነ ዕጢ፣ የቆየ የማህፀን ኢንፌክሽን እንዲሁ ያደርጋሉ። እዚህ ላይ ነው የአልትራሳውንዱ ነገር የሚመጣው። አንቺ የተነሳሽው፣ እንደምገምተው፣ ውሃ ጠጥተሽ ሽንትሽን ይዘሽ ሆድ ላይ ጄል ተቀብቶ የሚደረገውን ነው። እሱ ትልቅ ማዮማን፣ የኦቫሪ ከረጢትን፣ እርግዝናን ያሳያል። ትንሽ ፖሊፕና የጠባሳ ጉድጓድ ግን በቀላሉ ያመልጡታል። የሚያስፈልግሽ በብልት በኩል የሚደረገው፣ ትራንስቫጂናል የሚባለው ነው። ፊኛን ባዶ አድርጎ የሚሠራ ነው፤ የማህፀኑን ሽፋን ከቅርብ ያሳያል። ጥሩው ጊዜ የወር አበባው እንዳለቀ ባሉት ቀናት ነው፤ ያኔ ሽፋኑ ስስ ስለሆነ ፖሊፕ ካለ ጎልቶ ይታያል። ሚያዝያ 28 ከመጣልሽ በግንቦት የመጀመሪያ ሳምንት ቀጠሮ ያዢ። ቡናማው ቢኖርም ሂጂ፤ በጠባሳው ውስጥ የተጠራቀመ ደም ካለ እንዲያውም ለማየት ይቀላል። የምታነሳሽን ባለሙያ ስትገቢ «በኦፕራሲዮን ወልጃለሁ፣ ጠባሳውን እዪልኝ» በያት፤ የት ላይ ማተኮር እንዳለባት ታውቃለች።

አራተኛው፣ ከግንኙነት በኋላ የታየሽ ቀይ ደም ነው። ለዚህኛው ሚያዝያ 28ን አትጠብቂ።

ከግንኙነት በኋላ የሚመጣ ደም በአብዛኛው ከማህፀን ውስጥ ሳይሆን ከማህፀን በር ገጽ የሚመጣ ነው። አልትራሳውንድ ገጽን አያሳይም፤ ቀለምን አያሳይም፤ ሲነካ ይድማ አይድማ አይነግርም። «ማህፀንሽ ንጹህ ነው» የሚለው ቃል እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን ስለ ማህፀን በርሽ የተነገረ ቃል አይደለም። በዚህ ከተማ ውስጥ ሁለት፣ ሦስት ቦታ አልትራሳውንድ ተነስታ አንድም ጊዜ ማህፀን በሯ ያልታየ ሴት ማግኘት ለእኔ አዲስ አይደለም። ምክንያቱ ይገባኛል። አልትራሳውንድ ልብስ ብዙም ሳያስወልቅ ይሠራል፣ ወረቀት ይወጣለታል፣ ማንም አያፍርበትም። ያኛው ምርመራ ግን ለታካሚዋም ለሐኪሙም ትንሽ ድፍረት ይጠይቃል፤ በር የሚዘጋ ክፍልም ይፈልጋል። በዚህ መሃል የምትጎዳው ሴቲቱ ናት።

ምርመራው እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ፤ የማያውቁት ነገር ነው የሚያስፈራው። አልጋ ላይ በጀርባሽ ትተኛለሽ፤ ከወገብ በታች አንሶላ ይለበስልሻል። ስፔኩለም የሚባል መሣሪያ ቀስ ብሎ ይገባል፣ መብራት ይበራል፣ የማህፀን በሩ ፊት ለፊት ይታያል። ይከብዳል እንጂ አያምም፤ ካመመሽ ተናገሪ፣ በትንሹ መሣሪያ ይቀየራል። በደቂቃዎች ያልቃል። የምትመረምርሽ ሴት ሐኪም እንድትሆን ወይም ሌላ ሴት ሠራተኛ አብራ እንድትቆም መጠየቅ መብትሽ ነው።

የሚታየው ነገር የተለያየ ነው። አንዳንዴ በበሩ ቀዳዳ ዙሪያ ቀላ ያለ ቀለበት አለ፤ ይህ ከውስጥ ያለው ስስ ሽፋን ወደ ውጭ ስለወጣ ነው፣ በሽታ አይደለም፣ ሲነካ ግን ቶሎ ይደማል። አንዳንዴ ከቀዳዳው ትንሽ ቀይ ፖሊፕ ብቅ ብሎ ይታያል፤ ብዙ ጊዜ እዚያው ይወገዳል፣ ናሙናውም ለላቦራቶሪ ይላካል። መግል መሰል ፈሳሽ ካለና በጥጥ ሲነካ ከደማ ክላሚዲያ ወይም ጨብጥ ይጠረጠራል። ቁስል ወይም ሻካራ እብጠት ከታየ ደግሞ ናሙና ይወሰዳል፤ ቀጠሮ አይሰጠውም፣ በዚያው ቀን መሆን አለበት።

ምንም ካልታየ የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ ይሠራልሽ። በአገራችን ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ሁሉ የሚመከር ነው፤ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ እህቶች ቀደም ብለው ይጀምራሉ፣ ቶሎ ቶሎም ይደግማሉ። አንቺ 33 ነሽ፤ ምንም ደም ባይኖርብሽም ጊዜሽ ነበር። የተለመደው ዘዴ አሴቲክ አሲድ በጥጥ ቀብቶ ለአፍታ መጠበቅ ነው፤ ለውጥ ያለበት ቦታ ነጭ ሆኖ ይወጣል። የማህፀን በር ካንሰርን የሚያመጣውን ኤች ፒ ቪ የሚባል ቫይረስ በናሙና የሚፈልግ ምርመራም እየተሰጠ ነው። ነጭ ነገር ከወጣ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት ይታከማል፤ ካንሰር ከመሆኑ ከዓመታት በፊት ተያዘ ማለት ነው። አንድ ማሳሰቢያ ግን አለኝ፦ ይህ ምርመራ የተሠራው ምልክት ለሌላቸው ሴቶች ነው። «ነጌቲቭ ነው» ተብለሽ ደሙ ከቀጠለ እዚያ ላይ አታቁሚ፤ ስፔሻሊስት ዘንድ ሄደሽ በማጉያ እንዲታይልሽ አድርጊ።

ይህን የማጠብቀው በምክንያት ነው። በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው የማህፀን በር ካንሰር ነው። ጥቁር አንበሳ የጨረር ሕክምና ተራ ከሚጠብቁት እናቶች ብዙዎቹ ታሪካቸው ሲጠየቅ መጀመሪያ ያዩት ምልክት ይኸው ከግንኙነት በኋላ የሚመጣ ትንሽ ደም ነበር። ወይ አፍረው ዝም አሉ፣ ወይ ለኢንፌክሽን መድኃኒት ተሰጣቸው። ለልጆቻችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የኤች ፒ ቪ ክትባት እየተሰጠ ነው፤ የእናንተ ትውልድ ግን አልተከተበም፤ ያለው መከላከያ መታየት ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት የሚቀድም አንድ ቀላል ነገር አለ፤ የእርግዝና ምርመራ። ኮንዶም እየተጠቀማችሁ፣ የወር አበባሽም በጊዜው እየመጣ ቢሆንም አድርጊው። በመውለጃ ዕድሜ ያለች ሴት ያልተለመደ ደም ስታይ እርግዝና የለም ሳይባል ወደ ሌላ አይታለፍም። ከማህፀን ውጭ የተቀመጠ እርግዝና አንዳንዴ «ትንሽ ፔሬድ» መስሎ ነው የሚጀምረው። እርግዝና ታይቶ በአንድ ጎን የሆድ ሕመም ከተሰማሽ፣ ትከሻሽን ከወጋሽ፣ ወይም ብድግ ስትዪ ካዞረሽ ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም፤ በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ጋንዲ ወይም ዘውዲቱ ወይም የሚቀርብሽ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። በሰዓት አንድ ሞዴስ እየሞላ የሚፈስ ደም፣ ትኩሳት ያለው የታችኛው ሆድ ሕመምም እንዲሁ ነው።

ስለ አንቲባዮቲኩ። መድኃኒት ቤት የሰጠሽ ሰው ሊረዳሽ ፈልጎ ነው፤ ነገር ግን ሳያይ፣ ናሙና ሳይወስድ «ኢንፌክሽን ነው» ማለት አይችልም ነበር። በግምት የተዋጠ መድኃኒት ትክክለኛው ካልሆነ ጀርሙን ሳይገድል ምልክቱን ብቻ ያዳክመዋል፤ በኋላ የሚሠራውን ምርመራም ሊያሳስት ይችላል። ለሐኪምሽ መውሰድሽን ንገሪያት፤ ማሸጊያው ካለ ይዘሽ ሂጂ። ከዚህ በላይ የምፈራው ደም ማቆሚያ እየተባለ በእጅ በእጅ የሚሸጠውን ሆርሞን ነው። ለሠርግ፣ ለሐጅ፣ ለጥምቀት ፔሬድ ለማዘግየት የሚወሰደው እሱው ነው። ሲወሰድ ደሙ ይቆማል፤ ባቆምሽው በጥቂት ቀን ውስጥ ደም ይመለሳል፤ ምክንያቱ ግን እስከዚያ ድረስ ሳይታወቅ ተቀምጧል። ወይባ መሞቅም፣ ውስጥን በሳሙናና በሎሚ ማጠብም ለዚህ መፍትሔ አይደሉም፤ ማጠቡ ጭራሽ ያቆስላል።

ይህን የምታነቡ፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ ላይ ያላችሁ እህቶች ነገሩ ለእናንተ ትንሽ ይለያል። ዲፖ፣ በክንድ የሚቀበረው፣ እንክብሉ ሁሉም በመጀመሪያዎቹ ወራት ጠብታ ያመጣሉ፤ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ውስጥ ይረጋጋል። ፖስት ፒል የወሰደች ሴትም በዚያ ወር ጠብታ ልታይ፣ ፔሬዷም በሳምንት ልትቀድም ወይም ልትዘገይ ትችላለች፤ ከሳምንት በላይ ከዘገየ እርግዝና መመርመር ነው። እንክብል ላይ ሆነው ለሚጾሙ አንድ ነገር ልጨምር። ሁልጊዜ ጠዋት የምትወስድ ሴት ጾም ሲገባ ወደ ቀን 9 ሰዓት ታዞረዋለች፤ ቅዳሜና እሑድ ወደ ጠዋት ትመልሰዋለች። ሰዓቱ እንዲህ ሲወዛወዝ ጠብታ ይመጣል፤ ፕሮጄስትሮን ብቻ ያለባቸው አንዳንድ እንክብሎች ደግሞ ከ3 ሰዓት በላይ ሲዘገዩ መከላከላቸውም ይቀንሳል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ማታ 3 ሰዓት ላይ አድርጉት፤ በረመዳንም ይሠራል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ወይም ኤፋቪረንዝ ያለበት የኤች አይ ቪ መድኃኒት የጀመራችሁ ደግሞ እንክብሉም በክንድ ያለውም ኃይሉ ሊቀንስ ስለሚችል፣ ጠብታ ስታዩ ዝም አትበሉ፤ ሌላ መከላከያ ተመካከሩ።

ከ45 በላይ ለሆናችሁ፣ በተለይ ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም ከልክ ያለፈ ክብደት ካለ፣ በመሃል የሚመጣ ደም ከማህፀን ሽፋን ናሙና ሳይወሰድ መታለፍ የለበትም። የወር አበባ ለ12 ወር ጠፍቶ ከተመለሰ ደግሞ «ወጣትነቴ ተመለሰ» አይባልም፤ አንድ ጠብታም ቢሆን ይመረመራል።

ቤተ ክርስቲያን አልገባም ስላልሽው፣ ሃይማኖታዊውን ፍርድ መስጠት የእኔ ድርሻ አይደለም። ግን ልቤን ነክቶታል፤ ዐቢይ ጾምን በሙሉ ከደጅ ማሳለፍ ቀላል አይደለም። እኔ የማውቀውን ልንገርሽ፦ ከማህፀን በር ገጽ ወይም ከጠባሳ የሚወጣ ደም የወር አበባ አይደለም። ምርመራው ሲያልቅ ሐኪምሽ ያገኘችውን ለንስሐ አባትሽ አስረጂ፤ «ደም አለብኝ» ከማለት «ሐኪም የወር አበባ አይደለም፣ ቁስል ነው ብሎኛል» ማለት የተለየ ጥያቄ ነው፤ የተለየ መልስም ሊያገኝ ይችላል። ሙስሊም እህቶቼም ሐይድን (የወር አበባን) እና ኢስቲሓዳን (ከወር አበባ ውጭ የሚፈስ ደምን) ለመለየት ይኸው የቀን መዝገብ ይጠቅማቸዋል፤ በኢስቲሓዳ ሶላት አይቀርምና።

ወዴት ልሂድ ካልሽ፣ ከግል ክሊኒክ መጀመር ግዴታ አይደለም። በአራዳ፣ በቂርቆስ፣ በልደታ ካሉት ጤና ጣቢያዎች ብዙዎቹ የማህፀን በር ምርመራውን ይሠራሉ፤ የቤተሰብ መምሪያ ክሊኒኮችም ይሠራሉ። የጤና መድህን ካለሽ ሪፈር የሚጻፈው ከጤና ጣቢያ ስለሆነ እዚያ መጀመር ይሻልሻል። ስትገቢ «ደም ያስቸግረኛል» ብቻ አትበዪ፤ «ከግንኙነት በኋላ ደም አይቻለሁ፣ በስፔኩለም እዩልኝ» በዪ። «ትንሽ ደም ስላለሽ ሌላ ቀን ነዪ» ቢሉሽ፣ ጠብታ ብቻ ከሆነ ምርመራውን እንደማይከለክል በትሕትና ንገሪያቸው፤ ዋናው የወር አበባ በኃይል እየፈሰሰ ካልሆነ ይታያል። ከምርመራው በፊት ባለው ሁለት ቀን ግንኙነት አታድርጊ፣ ውስጥሽንም አትታጠቢ። ሄሞግሎቢንሽንም ያዩልሽ፤ ከ12 ግራም በታች ከሆነ የአይረን እንክብል ያስፈልግሻል፤ እሱንም ከቡናና ከሻይ ቢያንስ በአንድ ሰዓት አርቀሽ ውሰጂው።

ባለቤትሽን በተመለከተ፣ መልሱ የሚወሰነው በሚገኘው ነገር ነው። ክላሚዲያ፣ ጨብጥ ወይም ትሪኮሞናስ ከተገኘ አዎ፣ ሁለታችሁም በአንድ ጊዜ መታከም አለባችሁ፤ ሁለታችሁም መድኃኒቱን ከጨረሳችሁ በኋላ 7 ቀን እስኪሞላ ግንኙነት አይኖርም፤ አለዚያ መልሳችሁ አንዳችሁ ለሌላችሁ ታስተላልፋላችሁ። ክላሚዲያ በወንድም በሴትም ላይ ያለ ምንም ምልክት ለብዙ ወራት ሊቀመጥ ይችላል፤ መቼና ከማን እንደመጣ ውጤቱ አይናገርም፤ በእሱ ተነስታችሁ እንዳትጣሉ። የሚገኘው ቀይ ቀለበቱ፣ ፖሊፑ ወይም የኦፕራሲዮኑ ጠባሳ ከሆነ ለባለቤትሽ የሚሰጥ ሕክምና የለም። ኤች ፒ ቪ ከተገኘብሽም ቫይረሱን ከወንድ ላይ የሚያጠፋ መድኃኒት ስለሌለ የምትታከሚው አንቺ ብቻ ነሽ፤ የሚታከመውም ቫይረሱ በማህፀን በርሽ ላይ ያመጣው ለውጥ ነው።